እትዬን ሽንቴን አላሸክምም ያልኩ ጊዜ

እኔ ካዚኖ ያለበት ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ነኝ። ሌላው በጋሪ የሚገፋውን እኔ በትከሻዬ ነው የማነሳው፤ ቲፑም እንደ ትከሻው ነው። ኮሮና እንደኔ ዓይነቱን ሰው አይነካም ብዬ ለሁሉም አውርቻለሁ። ነካኝ። ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባል መንገድ ላይ ካለው አፓርታማዬ ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወጡኝ። አያያዛቸው ልክ አልነበረም፤ ግን መተንፈስ ስላቃተኝ አላረምኳቸውም።

ሆስፒታል አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን ሰኩልኝ፤ አልጋዬ ላይ የልክ መስመር ያለው የፕላስቲክ ፖፖ አንጠለጠሉልኝ። ጠያቂ አይገባም። ትንሽ ቆይቶ ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ የተሸፈነ ሰው ገባ። በዓይናቸው ነው ያወቅኳቸው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጠበል ጻዲቁን ቆርሰው የሚያድሉን እትዬ ናቸው። በስደት ከመጡት ከድሮዎቹ ናቸው፤ በሽተኛ እንደሚንከባከቡ ግን አላውቅም ነበር።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ቬኬሽን ወጥቼ ነው፣ እትዬ።»

ፖፖውን አሳዩኝ። «እዚህ ላይ ትሸናለህ፣ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

እሺ አልኩ። ግን እንዴት ተደርጎ? በዚያ እጅ እኮ ነው ዳቦ የምቀበለው! ስለዚህ በሸናሁ ቁጥር የኦክስጅን ትቦዬን እየጎተትኩ ሽንት ቤት ገብቼ ደፋዋለሁ፤ ፖፖውን በሳሙና አጥቤ መልሼ አንጠለጥላለሁ። እንደኔ ፖፖ የሚያብረቀርቅ በሕንፃው ውስጥ አልነበረም። እትዬ እየመጡ ባዶውን አይተው የሆነ ነገር ይጽፋሉ። ንጽሕናዬን የሚመዘግቡልኝ መስሎኝ ነበር።

ዶክተሯም ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኛለች። እንግሊዝኛዬ አሪፍ ነው፤ በሻንጣ ጉዳይ ማንም አይችለኝም። ስለ ሰውነቴ ስታወራኝ ግን «ኖ ፕሮብሌም» እላታለሁ።

አንድ ጠዋት እትዬ ፊታቸው ተቀያይሮ መጡ።

«ኩላሊትህ ተጎድቷል። ይሄ በሽታ ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። ደምህ ቆሽሿል፣ ሽንት ደግሞ የለህም። እስከ ማታ ካልመጣ አንገትህ ላይ ትቦ ከተው ደምህን በማሽን ሊያጥቡልህ ነው።»

«እኔ ነኝ ሽንት የሌለኝ? እትዬ፣ እኔ ልጅ ሆኜ የጎረቤት አጥር አሻግር ነበር!»

«እና የታለ?»

«ደፋሁት።»

«ለምን?»

«እርስዎ እንዳይሸከሙት ብዬ።»

መነጽራቸው በእንፋሎት ተሸፈነ።

«አንተ ደደብ! እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ምን ስሸከም የኖርኩ መሰለህ? ያንተ ሽንት ከማን ይበልጣል?»

ይሄኛው ትንሽ ነካኝ። የኔ ከማንም ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው። «ምን ያህል ነበር የምትደፋው?» ሲሉኝ ግን መጎረር አልቻልኩም። ትንሽ ነበር። በየቀኑ ደግሞ እያነሰ ነበር፤ መልኩም ኮካ ይመስላል። በማሽን የሚታጠብ ሰው ሻንጣ አይሸከምም። ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

እትዬ ለዶክተሯ ነገሯት። ዶክተሯ ፖፖውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፖፖውን አየች። ግሉኮስ አስቀጠለችልኝ። ከአሁን በኋላ አንዲት ጠብታ ከፖፖው ውጪ እንዳትወድቅ፣ ማታ እንወስናለን አለች።

የመጀመሪያው ታችኛው መስመር ጋ እንኳን አልደረሰም። እትዬ ግን በሁለት እጃቸው ይዘውት ወጡ፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከምሳ በኋላ ትንሽ ጨመረ። የሥራ ሰዓታቸው ሊያልቅ ሲል እንደገና ሞከርኩ። ወረደ። አላቆምም አለ። እትዬ ፖፖውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው መስመሩን አነበቡ። ከዚያ በማስካቸው ውስጥ እልል አሉ። ነርሶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

ማሽኑ ቀረ። ደሜም ቀስ እያለ ጠራ።

ድኜ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩ ቀን አዲስ ሱፍ ለብሼ፣ ቆነጃጅቱ በደንብ በሚያዩኝ በኩል ቆምኩ። እትዬ ዳቦውን ይዘው መጡ። እጃቸውን አየሁት። ተቀበልኩ።

«ሽንትህ እንዴት ነው?» አሉኝ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። ብዙ ነው።»