በቂብላ በኩል የተሰቀለችው ዶሮ

ጣሊያኑ ወዳጄ ለማሽላ ምርምር ሲሪንቃ ሲመላለስ ሾፌሩ ነበርሁ። ሲሰናበተኝ አንድ ሥዕል ሰጠኝ። የአገሩ ዘመናዊ ሠዓሊ ሥራ ነው፤ ቲሸርት ላይ ጽሑፍ እንደሚታተመው፣ በተወጠረ ጨርቅ ቀለም እያሳለፉ ጥቂት ቅጂ ብቻ አትመውታል። ሠዓሊውም በእያንዳንዱ ግርጌ ቁጥር ጽፎ በእርሳስ ፈርሞበታል። «አንዱ እኔ ቤት አለ፤ ወንድሙ እርስዎ ቤት ይሁን» አለኝ። እኔ ከሥዕል የማውቀው የመንገድ ምልክት ነው፤ እሱንም ሁልጊዜ አላከበርሁም።

መርሳ ያለው ቤታችን ባዶ ግድግዳው አንድ ብቻ ነው፣ በቂብላ በኩል፣ ዞረን በምንሰግድበት ያለው። ባለቤቴ «ነፍስ ያለው ነገር የለበትም?» አለች። መነጽሬን ሰክቼ መረመርሁ። አንድ ቀይ ክብ፣ ከሥሩ ሁለት ጥቁር መስመር፣ ከላይ ጥጉ ላይ ትንሽ ቢጫ። «ነፍስ ቀርቶ ትርጉምም የለበት» ብዬ ሰቀልሁት።

ሰላም ሆነን ከረምን። ኋላ ወዳጄ ከአገሩ ተመልሶ ወልድያ ሲደርስ ደወለና ቅዳሜ ለምሳ እመጣለሁ አለ። በማግስቱ ጎረቤታችን ሙቀጫ ልትዋስ ገብታ ሥዕሉ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቺን ዶሮ ከየት አመጧት?»

አለቀ። ቀዩ ሆዷ፣ መስመሮቹ እግሮቿ፣ ቢጫው መንቁሯ። ባለቤቴ መስገጃዋን ጠቀለለች።

«ዶሮ ፊት ለፊቴ ቆማ አልሰግድም። አውርድልኝ።»

«ቅዳሜ ሲመጣ ምን ልበለው?»

«አርደን በላናት በለው።»

ባወርደው ወዳጄ ሊከፋው ነው፤ ብተወው ባለቤቴ ጓዳ ልትሰግድ ነው። ወንበር ላይ ወጣሁና፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ሥዕሉን ገለበጥሁት። ባለቤቴ አንገቷን ወዲህም ወዲያም አዘንብላ አየችው።

«አሁን ሁለት ማማሰያ የተሰካበት ድስት ነው። ቢጫው እሳቱ።»

መስገጃው ተመልሶ ተዘረጋ።

ቅዳሜ ወዳጄ ገና ሳይቀመጥ ሥዕሉን አየ። «ጋሼ፣ ፊርማው ለምን ከላይ ሆነ?»

እኔ ስለ ግድግዳው እርጥበት አንድ ውሸት ሳዘጋጅ ባለቤቴ ቀደመችኝና ሁሉንም ነገረችው። እሱም ወገቡን አጥፎ፣ አንገቱን ቆልምሞ ከሥር ወደ ላይ ተመለከተ። የሚቀየም መስሎኝ ወንበር አቀረብሁለት።

«አየኋት» አለ በመጨረሻ። «ስንት ዓመት ቤቴ ተሰቅሎ ዶሮ አልነበረችም። ከእንግዲህ እሷን ሳላይ ምሳ መብላት ቀረ።» ሳቁ ሲያደክመው ተቀመጠ።

አገሩ ከገባ በኋላ በስልክ ፎቶ ላከልን፤ የእሱም ሥዕል ተገልብጦ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ስልኩን ግድግዳችን አጠገብ ይዛ ሁለቱን አስተያየች።

«እሱስ አስተካክሎ ሰቅሎታል» አለችኝ። «ያንተ ድስት ግን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ወጡን ሊደፋ ነው።»