ለቅሶ ቤት የገባው ሞንታርቦ

«አባትሽ ሊያለቅስ ነው የሚመጣው ወይስ ሊመረጥ?» አለችኝ የጎረቤታችን ልጅ፣ ፊት ለፊት። እናቷን ትናንት ቀብረናል።

«ሊያለቅስ ነዋ! ምን ማለትሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

ገላን ኮንዶሚኒየም በር ለበር ነን። አባቴ የምክር ቤት አባል ነው፤ ዘንድሮም ይወዳደራል። የሷ አባት፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ የተፎካካሪው ፓርቲ የሰፈራችን መሪ ናቸው። አባቴ ባለፈው ምርጫ ውሃ አስገባለሁ ብሎ ነበር። ውሃው በፈረቃ ነው፣ እሱም ጠፍቶ ይሰነብታል። ስለዚህ ዘንድሮ ስለ ውሃ ትንፍሽ አይልም፤ የተፎካካሪዎቹን መሪዎች ስም ማጥፋት ብቻ። ስድቡ በራሱ ድምፅ ተቀድቶ፣ ሚኒባስ ላይ በታሰረ ሞንታርቦ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሲዞር ይውላል።

እድራችን ግን አንድ ነው። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ለቅሶው ድንኳን መጣና አስተማሪው አጠገብ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናዎት፣ ጋሼ» ብሎ አለቀሰ። የምሩን ነው ያለቀሰው፤ ሟቿ እኛ ቤት ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ ሴት ነበሩ። ልጅቷም መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እፎይ አልኩ።

ያኔ ሚኒባሱ የአባቴን ድምፅ እያስጮኸ መጣ።

«ያ ጡረተኛ አስተማሪ የገዛ ቤቱን መምራት ያቃተው ሰው ነው! ሰፈሩን ሊመራ?»

ሻይ የምታዞረው ሴት ባለችበት ቆመች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ሹፌሩ ለቅሶ መኖሩን አላወቀም፤ ተዉት» አሉ አስተማሪው።

ፊቴ ነደደ። ሚኒባሱ ብሎኩን ዞሮ ሲመለስ ተነስቼ በወንዶቹ በኩል ሄድኩ፤ አባቴ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ አልኩ።

«አባዬ፣ ደውልለት። ያጥፋው።»

«ነገ ቅስቀሳ ይዘጋል» አለ በሹክሹክታ። «ዛሬ ባቆም ፈራ ይሉኛል። ሂጂ ቁጭ በይ።»

ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

«ምን አለሽ?» አለችኝ ልጅቷ።

«ስልኩ ባትሪ ጨርሷል።»

ወዲያው የአባቴ ስልክ ጮኸ። አንስቶ፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ «አዎ፣ በዚሁ ቀጥል» አለ። ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። ልጅቷ ከትከሻዬ ፈቀቅ ብላ አባቷን ማየት ጀመረች።

ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሳሁና ከድንኳኑ ወጣሁ።