በሽኝት ቀን የተነገራት

ውኃ ባዶ ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ መጀመሪያ ይጮኻል፤ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየቀጠነ ይመጣል። ዛሬም ቧንቧ አጠገብ ሳልፍ ያን ድምፅ ከሰማሁ ቆም እላለሁ። ሲስተር ትዝ ትለኛለች።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቁሜ፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ተቀጥሬ ነበር። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ሰው ሲጠራኝ አቤት የምለው እንኳ በግማሽ ድምፅ ነው። ሁሉም "ጽዳት!" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ሲስተር ከሞጣ ተመድባ የመጣች ወጣት ነርስ ናት። በመጣችበት ዕለት "እህቴ፣ ውኃ ከየት ነው የምትቀጂው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ እህቴ ሆኖ ቀረ።

ምን ልበልሽ፣ ሥራ ስትወድ! አብራት የምትሠራው ነርስ ለሥልጠና ሄዳ ስትቀር፣ በቦታዋ የተተካ ሰው አልነበረም። ጠዋት ሕፃናት ስትከትብ ቆይታ፣ ምሳዋን ሳትቀምስ ወደ ማዋለጃ ክፍል ትገባለች። ጓንት ያልቃል፤ ውኃ ይጠፋል። ዘበኛው ቧንቧውን ከፍቶ "ይሄም ጾም ያዘ! ፋሲካ ሲደርስ እንኳ መፍታቱን እንጃ" እያለ ያስቀን ነበር። እሷም ትስቅ ነበር፤ ያኔ።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ማዋለጃው ክፍል ድረስ መጥተው አያውቁም። የሚሉት ነገር ካላቸው እኔን ይልኩኛል፤ "ለሲስተር ንገሪያት፣ ሪፖርቱ ዘግይቷል።" እሷ ደግሞ ጓንቷን ሳታወልቅ "ሰው ጨምሩልኝ ካልኩ ስንት ጊዜዬ! ለእሱስ ምን አሉ?" ትለኛለች። ለእሱ የተላከ መልስ ግን አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ወላድ ከገጠር በቃሬዛ አመጡ። ቧንቧው ደርቆ ነበርና እኔና ዘበኛው ከወንዝ በጀሪካን እየተመላለስን ቀዳን። ሲስተር ብቻዋን ስትታገል ቆይታ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል ስትገባ ሕፃኑ አለቀሰ። የወላዷ እናት እልልታቸውን አቀለጡት። ክፍሉ ደም ደም፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሲስተር ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር። ወለሉን ሳናጥብ ከወረዳ የመጡ ተቆጣጣሪዎች በሩን ከፍተው ገቡ።

በማግሥቱ፣ ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ ኃላፊው "ትናንት በእንግዳ ፊት አዋረድሽን" አሏት።

"ውኃ አልነበረም። ብቻዬን ነበርኩ" አለች።

"ሰበብ አልጠየቅሁሽም።"

ፋርማሲስቱ ጫማውን ያያል። ከስብሰባው ስንወጣ ግን ሁሉም በየተራ እየመጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አይዞሽ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ ይሄ ቤት ይዘጋ ነበር" አሏት።

"እዚያ ውስጥ ብትሉት ምን ነበረበት?" አለቻቸው።

ብዙም ሳትቆይ መልቀቂያ አስገባች። ተለማምጬ ላስቀራት ፈለግሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን "ሻይ ላምጣልሽ?" የሚል ብቻ ነበር። "እህቴ፣ ሥራው አይደለም የደከመኝ" አለችኝ።

በእኛ አገር የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። አዋጥተን ጋቢ ገዛን፤ ዳቦና ለስላሳ ቀረበ። እንደ ልማዳችን እያንዳንዱ እየተነሣ ስለ እሷ መሰከረ። በመጨረሻ ኃላፊው ተነሡ። ያችን ወላድ አነሡ፤ በወንዝ ውኃ ማዋለዷን፣ ዕረፍት ሳትወጣ መሥራቷን፣ ደመወዝ የዘገየበትን ወር ሳታጉረመርም ማለፏን፣ አንዱንም ሳይረሱ ዘረዘሩ። "እንደ ሲስተር ያለ ሠራተኛ አላየሁም" አሉ። እንባቸውን በመሐረብ ጠርገው ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ደረቡላት።

ሲስተር ቀና ብላ አየቻቸው።

"ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር?"

"እንዴታ! ማን የማያውቅ አለ?"

"እኔ አላወቅሁም ነበር" አለች። "በዚያ ስብሰባ ላይ አንዷን ብቻ ቢነግሩኝ፣ ዛሬ ይሄን ጋቢ አልለብስም ነበር።"

አንዱ ከኋላ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ። ሌላውም ተከተለው። ሁሉም አጨበጨቡ።

አምና ለዘመድ ሠርግ ሞጣ ሄጄ ጠያይቄ አገኘኋት። ገበያው ዳር ጫማ ትሸጣለች። የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ባለበት ሱቅ ውስጥ አቅፋኝ ቆየች። "አሁን ሰላም ነው" አለችኝ። "የሚቆጣኝም የለ።" የሚያመሰግናት ይኑር አይኑር አልጠየቅኋትም።

በዚህ መሐል አንዲት እናት ትንሽ ልጅ አዝላ ገባች። የልጁ ዓይን ፈዝዟል። ሲስተር ለልጁ ጫማ ከመደርደሪያው ልታወርድ የዘረጋችውን እጅ መልሳ በአይበሉባዋ የልጁን አንገት ነካች። ከዚያ የዓይኑን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች።

"ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ለነገ አታሳድሪው" አለቻት።

"ውይ እኅት ዓለም፣ ሐኪም ነሽ እንዴ?"

"አይ" አለች፤ "ጫማ ነው የምሸጥ።"

ጫማውን አውርዳ፣ ተንበርክካ የልጁን እግር በመዳፏ ያዘች። ጫማውን ሳታጠልቅለት እግሩን እንደያዘች ቆየች።