በምርቃና የተሰጠኝ ዋስትና

ፈረስ መጋላ ስማርት ስልክ ልገዛ ስዞር፣ ሁለት ሱቆች ዋጋ ጨመር ላደረገ ሰው ዋስትና ይሰጡ ነበር። አንደኛው በወረቀት ነው፤ ግን ስክሪኑን አይጨምርም። የሁለተኛው ባለሱቅ ከሰዓት ጫቱን ቅሞ መርቅኖ ስለነበር «ቢወድቅም ቢሰበርም እቀይርልሃለሁ» አለኝ። የሱን መረጥኩ።

ስልኩ ወድቆ ሲሰነጠቅ በጠዋት ሄድኩ። ገና አልቃመም። «እኔ ነኝ የጣልኩት?» ብሎ አባረረኝ።

ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር መርቅኖ ሲጫወት ጠብቄ ገባሁና «ይሄ ሰውዬ ቃሉን አያጥፍም» ብዬ በፊታቸው አሞገስኩት። እየሳቀ አዲስ ስልክ ሰጠኝ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሳይቅም፣ ሱቁ በር ላይ ቆሜ በአዲሱ ስልክ ደወልኩለት። «ዋስትናህ ይሠራል» አልኩት።