ቀሚሷ እስኪደርቅ

አጎቴ፣ የእማዬ ወንድም፣ አርብ ዕለት አዲስ አበባ ሞተ። እማዬ አልሰማችም። ቅዳሜ ጠዋት የአባቴ እህት ኮል አደረገችኝ።

«ዛሬ ከቤት አውጫት። ስልኳን እንዳታስነኪያት። ሲመሽ ተሰብስበን እናረዳታለን።»

«ለምን አሁን አልነግራትም?»

«ብቻሽን? አብደሻል እንዴ?»

ድሮ መርዶ በሌሊት ነበር አሉ። እዚህ በሰው አገር ግን ሁሉም፣ አባቴም ጭምር፣ ከሥራ ሺፍት እስኪወጣ ይጠበቃል። እኔ ገና መመረቄ ነው፣ ሥራ የለኝም፤ ሶ፣ እሷን ይዞ መዞሩ ለኔ ደረሰኝ።

ከሰፈራችን ከሌክ ሃይላንድስ ነድቼ ሐይቅ ዳር ያለ ፓርክ ወሰድኳት። ጫካ አለው፣ ከጫካው ማዶ ደግሞ ሕዝብ የሚዋኝበት አሸዋ። እውነቱን ለመናገር ምኑም አያምርም። ውሃው ቡኒ ነው፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ስልኳን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና «እዚህ ኔትወርክ የለም» አልኳት።

እማዬ ግን ደስ ብሏታል። ጫማዋን አውልቃ ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ገባች።

«ነይ እንጂ! ምን እንደ ዘበኛ ትገተሪያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«በይ ፎቶ አንሺኝ። ለወንድሜ እልክለታለሁ። ‹ጉማሬ ሆንሽ› ብሎ ይሳቅብኝ።»

በኔ ስልክ አነሳኋት።

ከውሃው ስትወጣ ፎጣ ዘርግቼ ጠበቅኳት፤ ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አስጠጋሁላት። እሱ ነው ያሳበቀብኝ። ለእናቴ ጫማ አቅርቤ አላውቅም። ቆማ አየችኝ። እሷ ራሷ ስንቱን አርድታለች! አምና እናቷ የሞተችባትን ጎረቤታችንን ቀኑን ሙሉ ፕሌኖ ከተማ ሱቅ ለሱቅ ስታዞር የዋለችው እሷ ነች።

«ማነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አትቀልጂብኝ። ማነው የሞተው?»

መዋሸት ሰለቸኝ። «አጎቴ» አልኳት። «ትናንት።»

አልጮኸችም። አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። አጠገባችን ሰዎች ሥጋ እየጠበሱ ይሳሳቃሉ። የሚይዟት፣ አብረዋት የሚያለቅሱት ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም፤ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። አፏን በፎጣው አፍና አለቀሰች።

ብዙ ቆይታ፣ «እንደነገርሽኝ እንዳትነግሪያቸው» አለች። «አክስትሽ አትለቅሽም። ማታ እንደ አዲስ እሰማለሁ።»

«ኦኬ። እንሂድ?»

«በዚህ ቀሚስ? ወንድሟ ሞቶ ስትዋኝ ዋለች እንዲሉኝ? ቆይ፣ ይድረቅ። ፎቶውንም አጥፊው።»

አጠፋሁት። ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በዚያ ሙቀት ምን ይቆያል፣ ወዲያው ደረቀ።

«ገና ነው» አለች፣ ውሃውን እያየች።

የቀሚሷን ጫፍ ነካሁት። ክው ብሎ ደርቋል።

«አዎ፣ ገና ነው» አልኳት።