በውሰት የሄደው ግሪል

ስሜነሽ ዳንግላ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ግቢዋ ሥጋ እየጠበሰች ትኖራለች። ተወልዳ ያደገችው አዘና ነው። ቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ስለነበር አማርኛን ያቀናችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ዛሬ ሁለቱንም እኩል ትናገራለች፤ ስትናደድ ግን አዊኛው ይቀድማታል። ደንበኞቿ ይህን ያውቃሉ። ቋንቋ ስትቀይር የሰማ ሰው ሳህኑን ይዞ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

አበረን ከማግባቷ በፊት ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ጓሮ ውስጥ ስትጠብስ ኖራለች። የሆቴሉ ባለቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያሳየው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ የጋዝ ግሪል ነበረው። ሁለት ክረምት እንኳ አልተሻገረም፤ ሆዱ ዝጎ ተበሳ፣ እግሩ ተንሻፈፈ፣ እሳቱ በማይወጣበት መውጣት ጀመረ። ርካሹን መርጦ የገዛው ባለቤቱ ሆኖ ጥፋቱ የተላከከው በስሜነሽ ላይ ነው። ውሃ እያፈሰሰችበት ነው ተባለ። ከሥራ ስትወጣ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ያን ዝምታዋን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ዳግመኛ በሰው ስስታምነት ላልወቀስ ብላ ለራሷ ምላለች።

አበረ በድንገት ሲሞትባት ከእህቷ ከትዕግስት ጋር ሆና ጥብሱን በራሷ ግቢ ጀመረች። በመጀመሪያ ከሰል ነበር። ከአዲስ ቅዳም ከተማ የሚመጣው ከሰል በበጋ ደግ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ርጥበት ይጠጣና ጭሱ ዓይን ያወጣል። በጋዝ የሚሠራ፣ ደጅ የሚውል፣ ዝናብ የሚችል ግሪል መግዛት እንዳለባት የወሰነችው ያኔ ነው።

ለግዢ ባሕር ዳር ስትሄድ የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ደረሰ አብሯት ሄደ። ደረሰ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነው፣ የተከበረ ሰው። ሴት ብቻዋን ስትገዛ ትታለላለች ብሎ ነው የመጣው። ሱቁ እንደገቡ ዓይኑ ያረፈው በሚያብለጨልጨው ላይ ነበር። ስሜነሽ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ እንደ ዘይት ጣሳ ገባ ብሎ ተመለሰ። እግሩን ነቀነቀችው፤ ተወዛወዘ። ተንበርክካ ከሥሩ ስታይ እሳት የሚተፉት ቱቦዎች ከወረቀት የማይሻል ስስ ቆርቆሮ ናቸው። ትታው ወደ ጓዳ ዘለቀች። እዚያ አቧራ የለበሰ ጥቁር ግሪል ቆሞ አገኘች። ላሜራው ወፍራም፣ ብየዳው ዙሪያውን የተያያዘ፣ ፍርግርጉ ድፍን ብረት ነው። ቱቦዎቹ በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ክዳኑን ስትለቀው እንደ በር ድም ብሎ ተዘጋ። ይህን ነው የምፈልገው አለች። ደረሰ በሻጩ ፊት ሳቀባት፤ የሬሳ ሳጥን ይመስላል አላት። ገዛችው። እስከ ዳንግላ ድረስ አኮረፋት።

ያን ግሪል ስሜነሽ እንደ ወተት ላም ነው የያዘችው። ማታ ሙቀቱ ሳይለቀው በሽቦ ብሩሽ ትፍቀዋለች፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ትወለውለዋለች። የሚንጠባጠበውን ስብ አታሳድርም፤ ስብ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ የጋዙን ጎማ ይበላል። ሸራውን የምታለብሰው ሲበርድ ብቻ ነው፤ ትኩስ ብረት ሲሸፈን ላብ ያወጣና ይዝጋል። ሲሊንደር በቀየረች ቁጥር የሳሙና አረፋ መጋጠሚያው ላይ ትቀባለች። አረፋው ከተነፋፋ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ስለሆነ ሳታስተካክል ክብሪት አትጭርም። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ የሚበላ የለምና ሁሉንም ትፈታታዋለች። የቱቦዎቹን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ትወጋለች፣ ዝገት የጀመረውን በብርጭቆ ወረቀት ትሞርዳለች፣ ፍርግርጉን ዘይት ቀብታ በእሳት ታጠጣዋለች። ፋሲካ ሲደርስ ግሪሉ አዲስ ነው።

እንዲህ ባሰናዳችው በአንዱ ፋሲካ ማግሥት ነው ደረሰ የመጣው። ልጁን ሶስናን ሊድር ነው። ያንኑ የሬሳ ሳጥን ብሎ የሳቀበትን ግሪል ለሠርጉ አውሽኝ አላት። ስሜነሽ እምቢ ማለት አምሯት ነበር፤ የባሏን ወንድም፣ የእድሩን ዳኛ እምቢ ማለት ግን እንዴት ይቻላል? እኔው መጥቼ ልጥበስላችሁ አለች። የሙሽራዋ አክስት ሆና ጭስ ውስጥ መቆሟ ነውር ነው ብሎ አልተቀበላትም። እንግዲያስ ብላ የጎማውን፣ የስቡን፣ የሸራውን ነገር አንድ በአንድ ነገረችው። «እሺ፣ እሺ» አለ፣ እግሩ ወደ በሩ ዞሮ።

ሠርጉ ደህና አለፈ። በማግሥቱ ትዕግስት ልታመጣው ብትሄድ ግሪሉ የለም። ደረሰ ሳይጠይቅ፣ ሳያስፈቅድ፣ አዲስ ቅዳም ላለ ወዳጁ ለይኸነው ልኮታል። ይኸነው ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ነው ተባለ። ስሜነሽ ለደረሰ ስልክ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ስታገኘው ደግሞ በረጋ ድምፅ ይኸነው እንደ ወንድሜ ነው፣ ብረት ደግሞ አያልቅም አላት። ደሟ ፈላ። የዓመቱ ደህና ገበያ በሚሆንበት ሰሞን አሮጌውን የከሰል ምድጃ አውጥታ ዓይኗ እየቀላ ጠበሰች። የገዛ ንብረቷን ለመለመን ስልክ ስትይዝ ይበልጥ የሚያንገበግባት ማመስገን የሚጠበቅባት መሆኑ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሷ ገበያ ሄዳ ሳለች አንድ አይሱዙ ግሪሉን በሩ ላይ አውርዶት ሄደ። ትዕግስት ደስ ብሏት ወደ ቦታው ገፋችው፣ ሲሊንደሩን አገናኘች፣ ክብሪት አነሳች። ስሜነሽ በሩን ስትገፋ መጀመሪያ ያየችው የእህቷን እጅ ሳይሆን ጎማውን ነው። የሷ ጎማ ቀይ ነበር። ይህ አረንጓዴ ነው፤ አትክልት የሚጠጣበት የውሃ ጎማ፣ ጫፍና ጫፉ በሽቦ ተጠፍሮ። ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች፣ ክብሪቱን ከትዕግስት እጅ መታ ጣለችው፣ የሲሊንደሩን አፍ ዘጋች። ሽታው ግቢውን ሞልቶት ነበር።

ትዕግስት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ስሜነሽ ግን ቁጭ ማለት አልቻለችም። ግሪሉን ዞረችው። አንዱ እግር ተጣምሟል፣ ስቡ ረግቶ ዝንብ ወሮታል፣ ቀዳዳዎቹን የሚከፍት መስሎት አንድ ሰው ቱቦውን በቢላ ፈልቅቆታል። ይህን ሁሉ አየችና ዝቅ አለች። የአረንጓዴው ጎማ አንድ ጎን ቀልጦ ተጨማድዷል። በክዳኑ እጀታ ሥር ላሜራው በእሳት ተለብልቦ ጠቁሯል። እሳቱ ከሆዱ ሳይሆን ከጎማው ተነስቶ ነበር ማለት ነው። እሳት በተነሳበት ቦታ ሰው ቆሞ ነበር። በአዊኛ የተናገረችውን ትዕግስት ብቻ ናት የሰማችው።

ደረሰ ቤት ሄዳ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችው። ጎማው በመንገድ ተበጥሶ ነው፣ ሌላ ገዝተው ተክተዋል፣ ምን ጎደለሽ አላት። ማን ተቃጠለ ብትለው ማንም አላት። እሷም ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳይረግጡ ብላው ተመለሰች። ይህ ቃል ከአፏ መውጣቱ ሳይሰነብት በሰፈሩ ተሰማ። የሟች ባሏን ወንድም ከደጇ ከለከለች፣ ያውም ለብረት ብላ፣ ተባለ።

እሑድ ሽማግሌዎች መጡ። መምሬ ባምላክና አቶ ወገኔ ናቸው፣ ደረሰም ከሚስቱ ከእትዬ ሸጋ ጋር ተከትሏቸዋል። ስሜነሽ አግዳሚ አውጥታ አስቀመጠቻቸው። መምሬ ባምላክ ስለ ይቅርታ ተናገሩ። አቶ ወገኔ የተጣመመውን እግር አስበይደን፣ አዲስ ጎማ ገዝተን ነገሩን እንዝጋው አሉ። ደረሰ መሬት መሬት እያየ እሷ ብትሳደብም እኔ ይቅር ብያታለሁ አለ።

ይቅር ብያታለሁ የሚለው ቃል ነው የቆሰቆሳት። ተነሳች። አረንጓዴውን ጎማ ከጥጉ አመጣች፣ ከግሪሉ ጋር አጋጠመችው፣ ሽቦውን እንደነበረው ጠፈረችው፣ ሌላውን ጫፍ ከሲሊንደሩ አገናኘች። የሲሊንደሩን አፍ አልከፈተችውም፤ ያን ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ክብሪቱን ይዛ ደረሰ ፊት ቆመች።

«አያ ደረሰ፣ ምን ጎደለሽ ብለውኝ ነበር። ምንም ካልጎደለው ይኸው ክብሪቱ፣ እርስዎ ለኩሱት።»

ደረሰ እጁን አልዘረጋም። መምሬ ባምላክ ይህ ምን ይባላል ልጄ አሉ። ስሜነሽ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም።

«እኔና እህቴ እንድንለኩሰው ልከውልን ነበርኮ። እኛ የምንለኩሰውን እርስዎ ምን ያስፈራዎታል?»

ደረሰ ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ እጁን ያያሉ። እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«ማን ነው የተቃጠለው?» አለች ስሜነሽ።

የመለሰው እሱ አይደለም። እትዬ ሸጋ ናቸው፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው። «በቀለች ትባላለች» አሉ። «ይኸነው በቀን የቀጠራት ሴት ናት። ከእጇ እስከ ክንዷ፣ አንገቷንም ነው። ለማንም እንዳትናገር ተብላ ቤቷ ተኝታለች።»

ደረሰ ተነስቶ ወጣ። አቶ ወገኔ ተከተሉት። መምሬ ባምላክ ትንሽ ቆዩና እሳቸውም በትራቸውን አነሱ፤ ሲወጡ ለስሜነሽ የተናገሩት ታላቅን እንዲህ በሰው ፊት ማዋረድ ደግ አይደለም የሚል ነው።  

በማግሥቱ እሷና እትዬ ሸጋ ሚኒባስ ተሳፍረው አዲስ ቅዳም ሄዱ። እትዬ ሸጋ ለባላቸው ዘመድ ልጠይቅ ነው ብለው ነው የወጡት። በቀለችን ጨለም ባለች ክፍል ውስጥ አገኟት። ስሜነሽ ካሰበችው በላይ ወጣት ናት። ቁስሉ ላይ ማር ቀብተው በአሮጌ ሻሽ ጠቅልለውታል፤ ጣቶቿ እርስ በርስ መጣበቅ ጀምረዋል። እንግዳ ስታይ መጀመሪያ ያለችው ጥፋቱ የኔ ነው፣ ክብሪቱን አዘግይቼ ነው የጫርኩት የሚል ነው። እንዲህ በይ ብለው ያስተማሯት እንደሆነ ወይ ራሷ አምናው እንደሆነ አይታወቅም።

ስሜነሽ ይህን ስትሰማ ባሕር ዳር ከሆቴሉ ስትወጣ የዋጠችው ነገር ሁሉ ተመለሰባት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ» አለቻት፣ «ጎማው የውሃ ነው። አንቺ ባትለኩሺው ሌላው ይቃጠል ነበር። ሁለተኛ የኔ ጥፋት እንዳትይ።» በቀለች ማልቀስ ጀመረች። እንባዋ ስሜነሽን አላራራትም፤ ንዴቷን አባሰው እንጂ።

እንጅባራ ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ። ቁስሉ ይድናል፣ ቆዳው ግን ሲጠብቅ ክንዷን ሊይዘው ይችላልና ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለባት አለ። እትዬ ሸጋ ጆሮአቸው ላይ የነበረውን ወርቅ ከዚያ ቀን ወዲህ አላደረጉትም። የት ሄደ ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ስሜነሽም አልጠየቀችም።

የእድሩ ስብሰባ ሲደርስ ስሜነሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ከጎማው ጀምራ እስከ በቀለች ክንድ ድረስ ተናገረች። ሰው የሚያቃጥል ነገር እያወቀ ለእኔና ለእህቴ የሚልክ ሰው የኔ ቀብር ዳኛ አይሆንም አለች። ደረሰ ዳኝነቱን ይልቀቅ አለች። ጉባኤው አጉረመረመ። አንዳንዱ እውነቷን ነው አለ፣ በለሆሳስ። አብዛኛው ግን የቤተሰብ ጣጣ እድር ውስጥ ምን አመጣው አለ። እጅ ይውጣ ሲባል ለሷ የወጣው ጥቂት ነው። ደረሰ ዳኛ እንደሆነ ቀረ፤ መዝገቡንም ዘግቶ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

ስሜነሽ ከእድሩ ወጣች። ዳንግላ ላይ ከእድር የወጣ ሰው ነገ ማን ይቀብረዋል? ትዕግስት ይህን ብላ ለመነቻት፤ አልሰማቻትም። በኋላ ከገበያው ማዶ ያሉ ሰዎች በእድራቸው ተቀበሏት። የቀድሞ ሰፈርተኞቿ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታቸው አጭር ነው። ከደንበኞቿም የቀሩ አሉ።

ግሪሉን ራሷ ናት ያደሰችው። እግሩን አስበየደች፣ የተፈለቀቀውን ቱቦ ፈትታ በአዲስ ተካች፣ ትክክለኛ የጋዝ ጎማ ከባሕር ዳር አስመጣች። የተለበለበውን ቦታ እንድትቀባው ብዙ ሰው ነገራት። እምቢ አለች፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃትን ሰው ያየችበት ዓይን ዳግም እንዳይጠይቅ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላዋሰችም። ንፉግ ይሏታል። ይበሉኝ ትላለች።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና በቀለች ከእንጅባራ ስትመለስ አዲስ ቅዳምን አልፋ ዳንግላ ወረደች። ክንዷ ከደረቷ ብዙም አይርቅም። ስሜነሽ ከጣሪያው ሥር አስቀመጠቻትና ሥጋ ልትጠብስላት ክብሪት ጫረች። እሳቱ በሰላም «ፉፍ» ብሎ ተቀጣጠለ። በቀለች ከወንበሯ ተነስታ፣ ወንበሩን አዙራ፣ ጀርባዋን ለግሪሉ ሰጥታ ተቀመጠች። ዝናቡ ወደሚመታት አቅጣጫ ነበር የዞረችው።

ስሜነሽ ሥጋውን አገላበጠች።  በአዊኛ ለራሷ የሆነ ነገር አጉረምርማ፣ እሳቱን አጠፋችና ሥጋውን ሌላ ቦታ ልትጠብሰው የከሰሉን ምድጃ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።