አርባኛው ሙዳይ

መኪያን ሰፈርተኛው «ሁሉ አማረሽ» ይላት ነበር። ስሙን ያወጣላት ባሏ አብዱልከሪም ነው፤ አላህ ይዘንለት። ተክለሃይማኖት ሳሉ ነው ነገሩ። አንድ ሰሞን ዳንቴል ትሠራለች፤ ዳንቴሉን ግማሽ ላይ ትተወውና የተበላሸ ራዲዮ ፈታ ትገጥማለች፤ አንዴ ደግሞ ሰበታ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ሸክላ ሠሪ ጎረቤት አግኝታ ሳምንት ከረመች። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ብሎ ይስቃል አብዱልከሪም። ግን ከመርካቶ ሲመለስ ከኪሱ ወይ ቁራጭ ሽቦ ወይ ባለቀለም ክር አይጠፋም ነበር። ያን ኪስ መኪያ ዛሬም ታስታውሰዋለች። ከራዲዮዎቹ አንዱ ብቻ ነው ተሠርቶ የዘፈነው፤ እሱም ለሁለት ቀን። ሁለቱን ቀን ግን ማን ይረሳል።

እሱም አለፈ፣ ሰፈሩም ፈረሰ፤ መኪያ ከልጇ ከሚንሃ ጋር ቡራዩ ተከራይታ ገባች። ከአጥሩ ማዶ ዱርሲቱና ባሏ ኦቦ ዲሪባ አሉ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው ያረሱ ናቸው። ስፌት ያስተማረቻት ዱርሲቱ ናት። ከሱሉልታ ሜዳ በመጣ ስንደዶ፣ መኪያ በስድሳ ዓመቷ በወስፌ ጣቷን እየወጋች አንዱን ሙዳይ ሸፋፋ፣ አንዱን ሆዳም አድርጋ ሰፋች። ሁለት አንድ ዓይነት ሠርታ አታውቅም። እጇ እንደ ወሰዳት ነው።

ሚንሃ አንዱን ሙዳይ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለሰው አሳየች። ክፋት አልነበራትም። እናቷ ጀምራ በተወችው ነገር ሰው ሲያሾፍ እየሰማች ያደገች ልጅ ናት፤ አንድ ሙሉ ነገር ወጥቶላት ሰው ሲያደንቃት ማየት ፈለገች። በነሐሴ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ፣

«እማ፣ አርባ ሙዳይ ታዘዝሽ። ለሠርግ ነው፤ ለእንግዳ የሚሰጥ» አለቻት።

«አርባ?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት፤ ልክ እንደ ፎቶው። መስከረም ሳያልቅ ይደርሳል ብያለሁ።»

መኪያ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል።

በዚያው ሰሞን ግን ኦቦ ዲሪባ ጓሮ የራሷን የንብ ቀፎ እየሠራች ነበር። ሸምበቆውን ሰንጥቃ አስራዋለች፤ በእበት መምረግና አፉን በክዳን መግጠም ነው የቀራት። አደይ ሲፈነዳ ቀፎው ዛፍ ላይ መውጣት አለበት፤ አበባው ካለፈ ንቡም አለፈ። ኦቦ ዲሪባ ደግሞ የሰው ቀፎ አይጨርሱም። «ንብ የሠራውን እጅ ያሸታል» ይላሉ። እውነት ይሁን ስንፍና፣ ሚስታቸውም አታውቅም።

መስከረም ጠባ። መኪያ መስኮቱ ሥር በርጩማዋ ላይ ናት። አሥራ አንደኛው ሙዳይ። አሥራ ሁለተኛው። ቀይ አምስት ዙር፣ አረንጓዴ ሦስት፣ ነጭ፣ እንደገና ቀይ። በመስኮቱ ብረት መሀል ኮረብታው ቢጫ ሆኖ ይታያታል። ሚንሃ ከታክሲ ወርዳ እንደ ገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ከሙዳዩ ጎን ይዛ ታመሳክራለች።

«እማ፣ ይሄኛው ላይ ቢጫ ገብቷል።»

«አማረኝ፣ አስገባሁት።»

«ፎቶው ላይ የለም እኮ።»

«ፎቶው አደይ መች አየና።»

ሚንሃ ሳቀች፤ ሙዳዩን ግን መለሰችላት። መኪያ ፈታችው። የሰፉትን መፍታት የደረሰበት ያውቀዋል፤ አለላው እየተቆራረጠ ጭን ላይ ይረግፋል።

ሃያ ላይ ስትደርስ ወስፌውን ማየት አስጠላት። አንድ ጠዋት ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበረችውና ጠፋብኝ አለች። ሚንሃ በማግሥቱ ሦስት ወስፌ ገዝታ መጣች።

ዱርሲቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ትላለች። «አካም ጅርቱ፣ የሠርጉ እስረኛ። ዛሬም አልፈቱሽም?»

«አሥራ ስምንት ቀርቶኛል።»

«ቀፎሽ ውስጥ ዶሮ ገብታበታለች።»

«እንቁላል ከጣለች የኔ ነው።»

ዱርሲቱ ስትሄድ ሳቁም አብሯት ሄደ። መኪያ ያን ኪስ አሰበች። አብዱልከሪም አንድ ቀን እንኳ «ስንት ሠራሽ?» ብሏት አያውቅም። «ዛሬስ ምን ጀመርሽ?» ነበር የሚላት። አሁን ከበር የሚገባው ቃል ሁሉ ቁጥር ሆነ።

ሠላሳ ዘጠኙ አለቀ። የአርባኛውን ሆድ ጨርሳ ክዳኑን ስትጀምር ዓይኗ ኮረብታው ላይ ነበር፤ ቢጫው መሳሳት ይዟል። እጇ ዝም ብሎ ይዞራል። ልብ ስትል ክዳኑ ከሙዳዩ አፍ አልፎ ትንሽ ሰፌድ አክሏል። መፍታት ነበረባት። ወስፌውን አነሳች፤ መልሳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ኦቦ ዲሪባ ክዳኑን ተቀብለው ከቀፎው አፍ ላይ ለኩት። ልክ ነው። በቢላ ጫፍ የንብ መግቢያ አወጡለት፤ እሷ ቀፎውን በእበት መርጋ ዙሪያውን አያያዘችው። ፀሐይ ላይ ዋለ።

«አዴ መኪያ፣ ንቦቹ ሊያገቡ ነው እንዴ? እንዲህ ያለ ባለቀለም በር አይተው አያውቁም።»

«እንግዲህ ሚዜው እርስዎ ነዎት። ይውጡና ይስቀሉልኝ።»

«ዘግይተናል። ከመጡም በዕድል ነው።»

«ይሁን።»

እሳቸው ጓሮው ውስጥ ካለው ዋንዛ ዛፍ ላይ ወጡ፤ እሷ ከታች ገመዱን ያዘች። መዳፏን ገመዱ ላጠው፤ ጣቶቿ እበት እበት ይሸታሉ። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ የራሷ መሰላት።

ቤት ስትገባ ሚንሃ ሙዳዮቹን ደርድራለች።

«እማ፣ አንዱ ክዳን የለውም።»

«ዛፍ ላይ ነው።»

ሚንሃ ወደ መስኮቱ ሄደች። ዋንዛው ላይ፣ በቅጠሉ መሀል፣ ቀይና አረንጓዴ ክብ ነገር አየች። ብዙ ቆማ አየችው።

«ባለሠርጎቹ ሙዳዩን ወደውታል እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ ዞር ሳትል። «መቶ ሙዳይ ጨመሩ። እሺ ብያለሁ።»

መኪያ እጇን እየታጠበች ነበር። እበቱ ከጥፍሯ ሥር ቶሎ አልለቅ አላት፤ እሷም አልተጣደፈችም።

«እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ሦስቱ ወስፌ መስኮቱ ላይ ነው። አራተኛው ዱቄቱ ውስጥ አለልሽ።»